ጀርባ ቀድሞ ይታሰራል

አስፋልቱ ካበቃበት፣ ባጃጅ ከሚመለስበት፣
ከገፈርሳ በላይ፣ ቡራዩ፣ ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት፣
ጋሽ ቢራቱ መብራት ሳይጠፋ ብሎ ተቻኩሎ
ሞርሳውን ከጠረጴዛው ጠርዝ በብሎን ቸክሎ
መንጠቆ አስነከሰው፤ ቁጥሩ አስራ ስድስት፣
ከስንዴ ፍሬ እምብዛም የማይረዝም ቁመት።
ዝንብ ልንሠራ ነው፤ ዓሣ የሚያታልል፣ ከክርና ከላባ፣
ባሌ ሾፌር ሳለ ከእንግዶቹ እጅ ሰርቆ ያወቀው ደባ።

«ጀርባውን አስቀድመሽ እሰሪ» ሲለኝ
ከልብስ ፋብሪካ ለመጣሁት ነገሩ ግራ ገባኝ።
እኛ ዘንድ ገበር ይቀድማል፣ ይከተላል ፊቱ፣
ቁልፍ የመጨረሻ ነው፤ ይኸው ነው ሥርዓቱ።
እሱ ግን ቁራጯን ከጭራው በኩል አስሮ ተዋት፣
ወደ ኋላ እንደተንጠለጠለች፣ ማንም እንዳልፈለጋት።
«ትቆይ» አለ። «ሆዱ ይጠምጠም፣ እግሩ ይውጣ፤
የሷ ተራ ኋላ ነው፤ ስትጠራ ትምጣ።»

ለዚያች ለጀርባ ቅርፊት ስንቱን ነገር ቀደድን!
የዳክዬ ላባ ሲጎተት እየተሰነጠቀ አስቸገረን፤
የትርሲትን ጥፍር ቀለም ቀባነው፣ ያዘልን፣
ግን ዓሣ ያሽት አያሽት ማን ይንገረን?
ፌስታል ሞከርን፤ ጥቁሩ ገና ሲነካ ይበጠሳል፣
የዳቦ ቤቱ ቢጫ ደግሞ እንደ ወሬ ይለጠጣል።
የካሴት ክር ያምራል፣ እንደ ጥንዚዛ ያብረቀርቃል፤
ምን እንደተቀዳበት ሳናውቅ ቆረጥነው።
አንዳንዴ ስስበው ጆሮዬ አንድ ነገር ይጠብቃል።

ቀጥሎ ራጅ መጣ፤ የራሱ የጋሽ ቢራቱ ደረት።
ሦስተኛው ጎን አጥንት ላይ በመቀስ ስሄድበት
«ሳንባዬ እንኳ ዓሣ ያጥምድ» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፤
ራጁም እንደ ባለቤቱ አልታጠፍም ብሎ ተጀነነ።
ውሃ ውስጥ ዝንቡን እንደ እንዝርት አሾረው፣
የተወሳሰበ ክር ስንፈታ ዋልን፤ ጨለማ ነው የገላገለን።

«ጠባብ ይሁን» ይላል። «ሰፊ ጀርባ መንጠቆ ይከድናል፤
አፉ የተዘጋ ዝንብ ጌጥ ነው፤ ማንን ይይዛል?»

እኛ ግቢ፣ ከአጥሩ ተደግፎ፣ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ አለ።
ጉርሜሳ ነው፤ «ሳይወደድ» ብሎ ገዝቶ፣ አንድ ምሰሶ ሳይተክል
መንገድ ሥራ ካምፕ የገባ፣ በወር አንዴ ብቅ የሚል።
«ጣሪያ ያላችሁ፣ ቤት የሌላችሁ» ይለናል ጎረቤቱ፤
ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጮኻል፣ ማንንም ሳያስጠልል፣ በከንቱ።
እኔም በባሌ ፈንታ ቆርቆሮውን ስሰድብ ከርሜያለሁ፣
ሦስት ክረምት።
አሁን ይቺን ቁራጭ ከኋላ ተንጠልጥላ አያታለሁ።
አይ፣ ይቅር አላልኩትም። ይህንንም አልነግረው፤
መጀመሪያ ምሰሶው ይቁም፤ ከዚያ ነው የምንነጋገረው።

ሆዱ አለቀ፤ ግራጫ ሱፍ፣ ከሹራቤ ክንድ የተነጨ።
«አሁን» አለ ጋሽ ቢራቱ፣ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ።
የካሴቷን ቁራጭ ከኋላ አንስቼ በጀርባው አሳልፌ
ወደ መንጠቆው ዓይን ሳብኩ፣ በአውራ ጣት ደግፌ፤
ከሞተ ሬዲዮ የተፈታ መዳብ አምስቴ ጠመጠምኩ፣
ትንፋሼን ውጬ ቋጠርኩ።
መብራት ጠፋ።
ቋጠሮውን በጣቴ ዳሰስኩ።

እሑድ፣ ድንጋይ አውጥተው ከተዉት ካባ፣ ውሃ ካቆረው፣
በሦስተኛው ውርወራ አንድ ነገር ክሩን ጎተተው፤
መዳፍ የማይሞላ ቆሮሶ። መንጠቆውን ሳላቅቅ
ጀርባው የለም። ተቦጭቋል፤ የቀረው ሱፍና መዳብ፣ እሱም የላላ።
«ወስጄ ልጠግነው» ስል እጄን ያዘኝ፤
«ተይው፣ ገና ይይዛል» ብሎ መልሶ ወረወረው።
ጀርባ የሌለው ዝንብ ሰመጠ።
ክሩን አንዴ ነካ፣
ዝም አለ፣
ደገመ።